የሸራ ክንፉ አውሮፕላን

አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የጀመርኩት በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ አጋማሽ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣኝ አውሮፕላን ጭነቱን አራግፎ ተመልሶ ተነሣ። እኔ ከእንጨት ሣጥኔ ጋር ሜዳው ላይ ቀረሁ። የማረፊያው ኃላፊ አቶ ተሰማ ከጥላ ሥር ሆነው ጠሩኝ።

"መካኒኩ አንተ ነህ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ቤተሰብ አለህ?"

"የለኝም።"

"ይሻላል። ሙቀቱን ሰው ብቻውን ነው የሚችለው" አሉና ወደ ሃንጋሩ መሩኝ።

አለቃዬ ሲኞር ብሩኖ የሚባል ጣሊያን ነበር። በጦርነቱ ዘመን በመካኒክነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አማርኛ ይችላል፤ ግን ብዙ አያወራም። ጠዋት አውሮፕላን ሲያርፍ ዘይት እናያለን፣ የሞተሩን ካንዴላ እናጸዳለን፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር የተጠራቀመ ውኃ እናንጠፈጥፋለን። ከተነሣ በኋላ ነፋሱና አሸዋው ብቻ ይቀራሉ። የወደቡ ሠራተኞች ማታ ማታ ተሰብስበው ሲጫወቱ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኛል። ሄጄ አላውቅም። ሄጄ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን በባሕሩ ዳር ካለችው ከጥዖ የመጣ ሳንቡክ፣ ባለሸራ ጀልባ፣ የአውሮፕላን ስብርባሪ አራገፈ። ጣሊያኖች በጦርነቱ ጊዜ ባሕር ዳር ጥለውት የሄዱት ነው። ሸራው ተበልቶ የክንፎቹ አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ ሞተሩን ጨው ይዞታል። አቶ ተሰማ ለብረቱ ሲሉ ነበር ያስመጡት። ብሩኖ ግን ዞሮ ዞሮ አየውና "ይበራል" አለ።

"ማን ይጠግነዋል?" አሉት።

"እኔና እሱ" ብሎ ወደኔ አመለከተ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

በትርፍ ሰዓታችን ሠራነው። ሞተሩን ፈትተን እያንዳንዱን ክፍል በናፍጣ አጠብን። የዛገውን ላሜራ ቀየርን። ለክንፎቹ የሚሆነውን ሸራ የሳንቡክ ሸራ የሚሰፉ የመናዊ ሽማግሌ ሰፉልን፤ እኛ ወጥረን ቀለም ቀባነው። ብሩኖ በዚያ ጊዜ ተለወጠ። ስለ አገሩ፣ ስለ እናቱ ቤት ያወራኝ ጀመር። እኔም ሥራው ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት ፕሮፔለሩን ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። አስሎ፣ ጭስ ተፍቶ ያዘ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ አወቀው። ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ እንዲህ ያለ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብ ጥሎብናል። እናቴ የሞተችው ያን ቀን ነው።

ብሩኖ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። "ሰማኸው? ልክ እንደ ድሮው ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ "ምን ሆንክ?" አለ።

"ሙቀቱ ነው" አልኩት። ለማን ይነገራል?

አቶ ተሰማ ጉዳዩን ወደ ላይ አሳውቀው ለከተማው ሕዝብ የአውሮፕላን ትርኢት ተዘጋጀ። ከደጋ አዳዲስ የጦር አውሮፕላኖች መጡ። የኛን አሮጌ የሚያበርር ሰው ከአስመራ ተጠራ። በዕለቱ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው መጡ፤ ወዛደሩ፣ የጉምሩኩ ሠራተኛ፣ ነጋዴው ሁሉ ሜዳው ዳር ቆመ። አዳዲሶቹ በላያችን እየፎከሩ አለፉ። ቀጥሎ የኛው ተነሣና በከተማው ላይ ዞሮ ዝቅ ብሎ መጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ብሩኖ ባርኔጣውን አውልቆ ቀና ብሎ ያያል።

እኔ እሳት ማጥፊያ ይዤ ዳር ቆሜ ስለነበር ከሰዉ ጀርባ ያለው ይታየኛል። አንዲት አሮጊት ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ገብተው፣ በነጠላቸው ጭንቅላታቸውን ሸፍነው ተኝተዋል። እሳት ማጥፊያውን አጠገቤ ለቆመ ሠራተኛ ሰጥቼ ሄድኩ።

"እማማ፣ ይነሡ። ትርኢት ነው እኮ።"

"አንተም ግባ፣ ልጄ። ተመልሶ ይመጣል" አሉኝ።

አነጋገራቸው የአገሬ ነው። መኪናው ሥር ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ እንደገና በላያችን አለፈ። ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ።

"አንተም ታውቀዋለህ፤ ሲያልፍ ጎንበስ አልክ" አሉ።

"አውቀዋለሁ። የገበያ ቀን ነበር።"

"ማንን ወሰደብህ?"

"እናቴን።"

"የኔን ሁለት ልጆች" አሉ። "አላህ ይማራቸው።"

ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆየን። ከዚያ የተረፈላቸው ልጃቸው እየተጣራ መጣ፤ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው። አሮጊቷ፣ እማማ ዘሃራ፣ "ይኼ ያገራችን ልጅ ነው" ብለው አስተዋወቁኝ።

ብሩኖን በማግስቱ ሳገኘው የዚያን የገበያ ቀን ነገር ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠ። ኋላ "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አለኝ።  አውሮፕላኑን ዳግመኛ አላስነሣውም። በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ሄደ።

እሑድ እሑድ እማማ ዘሃራን ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አላነሣንም፤ ስለ ዝናብና ስለ እህል እናወራለን። ሙቀቱ ሲበረታባቸው ልጃቸው ወደ ወሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላም አሰብ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ እሑድን የት እንደማሳልፈው ግን ቸግሮኝ ኖረ።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይኼን ነው። አሮጌ ሞተር ስትጠግኑ ድምፁም አብሮ ይመለሳል። ከማስነሣታችሁ በፊት በአካባቢው ማን እንዳለ ጠይቁ።