ከፔሊካኗ የቀረው

ይህ ጉዞ ሊተረክ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ሦስት ቀን ጠየቅሁ። ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ጣና ዳር መድረስ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ማንም ማስታወሻ አይጽፍበትም። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ደብተር ሳልይዝ የትም አልሄድም። ሌላ የፎቶ ክበባችን አባል የእኔን ስህተት እንዳይደግመው ብዬ ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፣ ንጋት 11፡30፣ ዓባይ ማዶ

አንገቴ ላይ የፎቶ ክበባችን ካሜራ ተንጠልጥሏል። ክበቡ ሁለት ካሜራ ብቻ ስላለው ተራዬ አንድ ቀን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዳቦ፣ ውኃ፣ እና ከብስኩት ካርቶን የቆረጥሁት ባለ አራት ማዕዘን መስኮት አለ። ፎቶው ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ቀድሜ በእሱ አያለሁ።

አሠልጣኛችን ከየተማሪው አንድ የወፍ ፎቶ ጠይቀዋል፤ የተመረጡት አሥሩ የግቢያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ችግሩ፣ እኔ ለእናቴ ደውዬ «ፎቶዬ ተሰቅሏል» ብያታለሁ። ያን ጊዜ ካሜራውን ገና አልነካሁትም ነበር። እናቴም ከሞጣ መጥታ ልታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ቅዳሜ ቀጥራለች።

የተሳፈርሁበት ባጃጅ ሾፌር ካርቶኔን በመስታወቱ አየው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በእሱ ነው የማየው።»

«ካሜራው አያይም እንዴ?»

ሃምሳ ብር ከፍዬ ወረድሁ።

ጠዋት 12፡30፣ ጣና ዳር

ውኃው ግራጫ ነው፤ ዳር ላይ የበቀለው ደንገል ጫፍ ላይ ብርሃን ጀምሯል። አያ ስንሻው መረባቸውን እየጠቀለሉ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ልጃቸው ቦሰና ዳር ላይ ካለችው የቆርቆሮ ቤት ዓሣ ትሸጣለች። በደንገል ታንኳቸው እንዲወስዱኝ ለመንኋቸው።

«ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እንደ እንቁላል ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልሁ። ሱሪዬ ወዲያው ራሰ። ጥቂት እንደሄድን ፔሊካኖች፣ ረጅም መንቁር ያላቸው ትልልቅ የውኃ ወፎች፣ ከኋላችን ተሰለፉ። አያ ስንሻው ዓሣ እያጸዱ አንጀቱን ይወረውሩላቸዋል፤ ትንንሹን ዓሣም አንዳንዴ እንዳለ ይሰጧቸዋል። አንዷን ትልቅ «እሜቴ» ይሏታል።

«እሜቴ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሏት። አልጠበቀችም።

ደብተሬ ላይ ሦስት ሕግ ጽፌአለሁ፦ የወፏ ዓይን ጥርት ይበል፤ ከፊቷ ባዶ ቦታ ይተውላት፤ የማያስፈልግ ነገር ይውጣ። ካርቶኔን ወደ እሜቴ ስደግን ግን ሁልጊዜ አንድ እጅ ይገባል።

«አያ ስንሻው፣ እጅዎን ይሰብስቡልኝ። ፎቶው ውስጥ ገቡብኝ።»

«ታንኳዬ ላይ ተቀምጠሽ እኔን ውጣ ትይኛለሽ?»

«የወፍ ፎቶ ላይ ሰው አይኖርም። የማያስፈልገው ይቆረጣል።»

መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አሰቡበት። «ታዲያ ዓሣውን ማን ወረወረው ሊባል ነው?»

ይህን ጥያቄ ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም። መጻፍ ነበረብኝ።

ወዲያው ዓሣ ወረወሩ፤ እሜቴ አፏን ከፈተች፤ እኔም የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁ። ዓሣው አየር ላይ ነው፤ እጃቸው ተዘርግቷል፤ እየሳቁ ነው።

ረፋድ 4፡00፣ ቦሰና ቤት

ቀረሶ የሚሉትን ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ በላሁ። ፎቶዎቹን ከካሜራው ወደ ስልኬ ሳሻግር ቦሰና ከኋላዬ ሆና አየች፤ አባቷ የሚስቁበት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይችን ላኪልኝ። አባባ ከመታወቂያው በቀር ፎቶ የለውም።»

በብሉቱዝ ላክሁላት። ካሜራውን ከመመለሴ በፊት ካርዱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ አጠፋሁ፤ የክበቡ ደንብ ነው፤ ደንብ ላይ ጎበዝ ነኝ።

እሑድ፣ ጥር 25፣ ከሰዓት

ፎቶውን ስልኬ ላይ መቁረጥ ጀመርሁ። መጀመሪያ አያ ስንሻውን አወጣሁ። የታንኳው አፍንጫ ጠማማ ሆኖ ታየኝ፤ ቆረጥሁት። ሰው ሲጠፋ ዓሣው ከሰማይ የወደቀ መሰለ፤ እሱንም ቆረጥሁት። ከዚያ የእሜቴ ሆድ ለምን ያስፈልጋል አልሁ። በመጨረሻ አንድ ዓይንና አንድ የተከፈተ መንቁር ቀረ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። በዋናው ላይ ደርቤ አስቀመጥሁት፤ የስልኬ ቦታ ሞልቶ ስለነበር የቀሩትንም አጠፋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 26፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር

የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ አሰፋው።

«ሙዝ ነው?»

«ፔሊካን ናት።»

«እንዳልሽው ይሁን። ግን ይቺ ቁራጭ ለትልቅ ወረቀት አትበቃም። ያልተቆረጠውን አምጪው።»

«የለም።»

አተመልኝ። ዓይኗ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ጥቃቅን ካሬዎች ሆነ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

አሠልጣኛችን ወረቀቱን ቀረብ ብለው አዩት፤ ራቅ ብለውም አዩት።

«አፏን የከፈተችው ምን ጠብቃ ነው?»

«ዓሣ።»

«የታለ?»

«ቆረጥሁት።»

«የወረወረላትስ ሰው?»

«ቆረጥኋቸው።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠቅልለው መለሱልኝ። አሥር ፎቶ ተሰቀለ፤ የእኔ የለበትም።

አርብ ዕለት ያልተቆረጠውን ለቦሰና ልኬላት እንደነበር ትዝ ብሎኝ ደወልሁላት። «ከስልኬ ጠፍቷል» አለችኝ። «ግን አባባ አሳጥቦት በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።»

ግድግዳ የሚለውን ቃል ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ለእናቴ የምላትን ተለማመድሁ።

ቀጠሮው ቅዳሜ

እናቴ አዲስ ጫማ አድርጋ ከሚኒባስ ወረደች።

«አዳራሹ ሩቅ ነው?»

«ግድግዳው ጣና ዳር ነው» አልኋት። ውሸት አልነበረም።

የቦሰና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያላት ትንሽ ፍሬም ተሰቅላለች። አያ ስንሻው እየሳቁ ነው፤ እጃቸው ተዘርግቷል፤ ዓሣው አየር ላይ ነው። በጠርዙ በኩል አውራ ጣት የምታክል የመንቁር ጫፍ ትታያለች። ሌላ ወፍ የሚባል ነገር የለም።

«ወፏስ?» አለች እናቴ።

«ፍሬሙ ጠበበ» አሉ አያ ስንሻው። «ልጅሽ እንዳስተማረችኝ የማያስፈልገውን ቆረጥሁት።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልሁም። «እማዬ፣ አዳራሹ ውስጥ አልተሰቀለም። ስደውልልሽ ፎቶውን ገና አላነሣሁትም ነበር።»

እናቴ ፍሬሙን ቀረብ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ቦሰና ዞራ «ቁራጩን ጣላችሁት?» አለች።

ቦሰና ከገንዘብ ሣጥኗ ሥር አወጣችው፤ ጥግ ላይ ቅባት ነክቶታል። እናቴ ፕላስተር ተቀብላ ከፍሬሙ ውጭ፣ መንቁር ከመንቁር ገጥማ፣ እሜቴን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈቻት። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችው።

«ለሁለት ሰው ቀረሶ ጥበሱልን» አለች። «ክፍያው የእሷ ነው።»

ከፈልሁ። ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ሙሉ ሆኖ የተሰቀለው የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።