የአባዬ ዶቅዶቄ ትንፋሽ

ነጭ ጋዝ በሸተተኝ ቁጥር የአዳማ ሙቀትና የአባቴ ዘይት የጠጡ እጆች ይመጡብኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቢሾፍቱ፣ የጎረቤት ልጅ የብስክሌቱን ሰንሰለት በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሥራ አስፈታኝ። ይኸው ለእናንተም ላውራችሁ።

አባቴ የወፍጮ መካኒክ ነበር። ከአዳማ እስከ ደራ ያለ ወፍጮ ቤት ሁሉ ሲበላሽበት፣ በዚያች ቀይ ዶቅዶቄ እየበረረ ይደርስለታል። ዕድሜውን በወፍጮ ጩኸት መሐል የኖረ ጆሮ ደግሞ መድከሙ አይቀርም። አንድ ቀን ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ቢያምባርቅም አልሰማውምና ለጥቂት ከሞት ተረፈ። እናቴ የዚያኑ ዕለት "ሁለተኛ እግርህን አታነሳባትም!" ብላ ዶቅዶቄዋን ሰርቪስ ቤት ቆለፈችባት። እዚያው ዓመታት ተቀመጠች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ በከረምኩበት በጋ፣ ሐኪሙ ለአባዬ የቀረችው መስማትም እየሄደች መሆኗን ነገረው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ይተክዛል ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን አውልቆ በቀጥታ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄደ። "ጆሮዬ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልስማት" አለኝ። እናቴም "እንዳትነዳት እንጂ ስማት!" ብላ ፈቀደች። እንዲሰማት ጮኻ ስለነበር የተናገረችው ሰፈሩም አብሮ ፈቀደ ማለት ይቻላል።

ችግሩ፣ ዶቅዶቄዋ ትንፋሽ አልነበራትም። መርገጫዋን ሲረግጧት ሳታንገራግር ቁልቁል ትወርዳለች። አባዬ ካንዴላውን ፈታና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ "ርገጪ" አለኝ። ረገጥኩ። ጣቱን አሽቀንጥሮ መጣል የነበረበት አየር ዳሰስ አድርጎት ብቻ አለፈ።

"ኮምፕሬሽን የላትም፤ አየሩን አምቃ አትይዝም" አለ። "ወይ የፒስተኑ የብረት ፋሻ አልቋል፣ ወይ ቫልቭ አልገጥም ብሏል።"

በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ። ያለቀው ፋሻው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ሞልቶ ግፊቱን ይመልሰው ነበር። አልመለሰውም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የጆሮ ነው። ካንዴላውን መልሶ አጠበቀና መርገጫዋን በእጁ ቀስ እያለ ሲጫን፣ አየሩ በየት እንደሚያመልጥ እንዳዳምጥለት አዘዘኝ። ድሮ ይህን ብቻውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ጉንጬን አቧራው ላይ አስተኝቼ ጆሮዬን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደቀንኩ። ቀጭን ፉጨት መጣች።

"በጭስ ማውጫው ነው፣ አባዬ!" ብዬ ስጮህ፣ ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን "ማሎ! እባካችሁ፣ ምን ደረሰባችሁ?" አሉ።

የሞተሩን ክዳን ስንከፍት የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ዝገት በልቶታል። አባዬ ግራ ገባው። "ጣሪያው አያፈስ፣ ውኃ ከየት ገባ?"

ደጃፉ ላይ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እኔ ነኝ" አለች። ለካ በየዓመት በዓሉ ዋዜማ ቤቱን ስታጥብ፣ እሱ በግ ሊገዛ ሲወጣ ጠብቃ ዶቅዶቄዋንም ታወጣትና በጎማ ውኃ ታጥባት ኖሯል። ጭስ ማውጫውንማ፣ ጥላሸት አለበት ብላ፣ ውስጡ ድረስ። "ታዲያ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ እሷ አቧራዋን ለብሳ በዓሉን ትዋል?" አለች፣ ይባስ ብላ ተቆጥታ።

አባዬ ከንፈሯን አይቶ ተረዳትና እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያቺን ብረት ትጠላታለች ብዬ ነበር የማስበው። ዛሬ ስልክ ስደውል የምታነሳው እሷ ናት፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ የእኔን ወሬ ከአፏ ያነባል።

ዝገቱን ፈገፈግን። አባዬ ቫልቩን መሞረጃ ቅባት ቀብቶ መቀመጫው ላይ ሲያሽከረክረው ዋለ፤ ሲጨርስ ከላይ ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት። ወደ ታች ጠብ አላለም፤ ቫልቩ ገጥሟል ማለት ነው። ሁሉን ገጥመን ስረግጥ መርገጫዋ እግሬን መልሳ ገፋችኝ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። ደጋግሜ ረገጥኳት። አስነጠሰች፣ ጓሮውን በጭስ ሞላችው፣ ከዚያ ዶቅ ዶቅ ዶቅ ማለት ጀመረች።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ከምቷ ጋር ይነቀንቅ ጀመር።

"ድምጿ ይሰማሃል?" አለችው እናቴ ጮክ ብላ።

"ዝም በይ፣ እየሰማኋት ነው።"

የጨመርንባት ቤንዚን ትንሽ ነበርና ወዲያው አልቆ ሞተሯ ጠፋ። ግቢው ጸጥ አለ። አባዬ ግን ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ራሱን መነቅነቁን ቀጠለ። መጥፋቷን ልነግረው እጄን ወደ ትከሻው ስሰድ እናቴ ያዘችኝ።

"ተይው" አለች ቀስ ብላ፣ "ይስማት።"