የጋሼ የመኪና ጨዋታ

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ታላቅ ወንድሙን «ነገ አየዋለሁ» እያለ ሦስት ዓመት አቆየው። ጡረተኛ ሾፌር የሆነው ይህ ወንድሙ የሚወደው አሮጌ የመኪና ጨዋታ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ እየተንተባተበ አላስነዳ ብሎት ነበር። በመጨረሻ ጠጋኙ ሲያየው ነገሩ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ጨዋታው የተሠራው የኮምፒዩተር አንጎል የሆኑት ፕሮሰሰሮች አንድ ኮር፣ ማለትም አንድ የሥራ ክፍል፣ ብቻ በነበራቸው ዘመን ነው፤ ስምንት ኮሮች ሲቀባበሉት ይደናገራል። ፕሮግራሞችን በሚቆጣጠረው ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቶ፣ ጨዋታው በአንድ ኮር ብቻ እንዲሠራ የሌሎቹን ምልክት አነሳ፤ የፈጀበት አንድ ደቂቃ ነው፤ በቃ፣ መኪናው ተፈተለከ።

የወንድሙ ዓይን ግን ባለፈው ክረምት ጠፍቷል።

«ስማው ጋሼ፣ አሁን አይንተባተብም!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ሳቀበት ወንድሙ። «በል አንተ ንዳ፤ እኔ ሞተሩን እየሰማሁ ማርሹን እነግርሃለሁ።»

ጠጋኙ ነዳ። «ሦስተኛ አስገባ፣ አታስጩኸው!» ሲባል፣ ያቺን አንዲት ደቂቃ የወንድሙ ዓይን ሳያጠፋ ስለነፈገው እየተቆጨ ማርሹን ቀየረ።