አምስተኛው ችንካር

ክሪኬት የሚባል ጨዋታ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት እሱን ለማገልገል በተቀጠርኩ ቀን ነው። በካርቱም ዳርቻ፣ ማዮ ሰፈር ውስጥ ጡብ ተሸክሜ ወገቤ ሲዝል፣ ጋሽ መኮንን የሚባል የአገሬ ሰው፣ ካርቱም ሠላሳ ዓመት የኖረ ሾፌር፣ በሚኒባሱ ጭኖ ሪያድ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ክለብ በር ላይ አወረደኝ።

"ያላ ግባ፣ አትፍራ" አለኝ። "ሙዲሩ፣ አለቃው፣ ህንድ ነው፤ ሚስተር ራሜሽ ይባላል። ኢቃማ ያወጣልሃል። ሹግሉም፣ ሥራው፣ ቀላል ነው፣ ምንጣፍ መዘርጋት ነው።"

ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካለኝ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር አጥር አልዘልም። ለዚያ ስል የሰርግ ቤት ምንጣፍም ቢሆን እዘረጋለሁ ብዬ ገባሁ።

ሜዳው ሣር የሚባል ነገር አልነበረውም። መሐሉ ላይ ሃያ ሁለት እርምጃ የሚሆን የአባይ ጭቃ ተደልድሎ፣ በላዩ ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ሻካራ ምንጣፍ ይወጠራል። መሣሪያዬ የብረት ሮለር፣ የውሃ ጎማ፣ የእንጨት መዶሻና ስንዝር የሚያህሉ የብረት ችንካሮች ነበሩ። ጠዋት ጭቃውን ውሃ አጠጥቼ እጠብቃለሁ። በጣት ሲጫኑት ምልክት ይዞ፣ ጣት ላይ ግን ሳይጣበቅ ሲቀር ሮለሩን እጎትትበታለሁ። ሲደርቅ ምንጣፉን ወጥሬ ዙሪያውን እቸነክራለሁ። በወረቀት ላይ የተመዘገብኩት ግን ጋፊር ተብዬ ነው፣ ዘበኛ።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በሰፊ ዱላ ከጀርባው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይከላከላል። እንጨቶቹ ከተመቱበት ይወጣል፣ ሌላ ይተካዋል። ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ አንዴ ትነጥራለች። ምንጣፉ ከተወጠረ በልኳ ትነሳለች። ከላላ ግን ወዴት እንደምትዘል ወርዋሪውም አያውቅ። ኳስ ትባል እንጂ ድንጋይ ናት።

የምተኛው ከዕቃ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ነበር። ተጫዋቾቹ ነጋዴዎች ስለሆኑ ከዓርብ በቀር ዝር አይሉም፤ ስድስቱን ቀን ብቻዬን ነኝ። አማርኛ ከአፌ ሳይወጣ ሳምንት ያልፋል። አንዳንዴ ሮለሩን ስጎትት "ና እንጂ አንተ ሰነፍ!" ስለው ራሴን እሰማና አፍራለሁ። ብቸኝነት ሰውን ከብረት ጋር ያጣላል።

በሁለተኛው ዓመት ሚስተር ክላይቭ መጣ። ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ካለች ትንሽ ደሴት የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ረጅም ጥቁር ሰው ነው። ክለቡ አሠልጣኝም ተጫዋችም አድርጎ ቀጠረው። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ሱዳናዊ እየመሰለው በዓረብኛ ያጣድፈዋል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ባዕድ መሆኔ ከሩቅ ይታወቃል፤ የእሱን ግን ማንም አያውቅለትም ነበር።

ሁለገብ ነበር፤ ይወረውራል፣ ይመታል፣ ይቀልባል። ስለ ራሱ ግን አያወራም። አንድ ቀን ከሰዓት ኒም ዛፍ ሥር ሻይ ስንጠጣ፣ ሁለታችንም በምንሰብረው ዓረብኛ፣ ድሮ ለአገሩ ተጫውቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ለደሴቴ አሥራ አራት ዓመት" አለ። "ለሁሉም ደሴቶች ቡድን ሦስት ጊዜ።"

"ሌላውን ጊዜስ?"

"ለሚጫወቱት ውሃ ይዤ እገባ ነበር።"

መቺ ሲታመም በመቺ ቦታ፣ ወርዋሪ ሲታመም በወርዋሪ ቦታ ይጠሩታል። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ይህን ሲነግረኝ እሱ አላዘነም። ያዘንኩት እኔ ነኝ።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይራመዳል፤ ችንካሮቹን በዱላው እጀታ አንድ በአንድ ያንኳኳል። ላላ ያለ ሲያገኝ አይቆጣም፤ እጁን ለመዶሻዬ ይዘረጋል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ዓርብ ግን ጫማውን ሳያወልቅ አለፈ።

"ዛሬ አታየውም?" አልኩት።

"አንተ መትተኸው የለ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አይቶም አያውቅ። ካርቱም ውስጥ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት ይህ ነበር።

የዚያ ዓመት መዝጊያ ጨዋታ ከመንገድ መሐንዲሶች ቡድን ጋር ሆነ። በዋዜማው ሚስተር ራሜሽ ዕቃ ቤቱ ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዋንጫ ካነሳ ስድስት ዓመት ያለፈው ሰው ነበር።

"ያ ሐበሺ፣ ነገ እንግዶቹ ቀድመው ይመታሉ፣ ተስማምተናል። በሰሜኑ ጫፍ አራት ችንካር አላላ። በእረፍት ሰዓት፣ የእኛ ሰዎች ሳይገቡ፣ መልሰህ ትመታቸዋለህ።"

"ሚስተር ክላይቭ ያውቃል?"

"ማወቅ አያስፈልገውም" አለ። ሊወጣ ሲል ዞረና "ኢቃማህ የሚያልቀው መቼ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። እሱም ያውቃል።

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ዕለቱ የእኛ ስቅለት ነበር። በማለዳ ሰው ሳይመጣ አራቱን ችንካሮች እየነቀነቅሁ እስከ ግማሻቸው አወጣኋቸው። በስቅለት ቀን መዶሻና ችንካር ይዤ መቆሜ የታወሰኝ ጨርሼ ቀና ስል ነው።

የሚስተር ራሜሽ ተንኮል ሠራ። በሰሜኑ ጫፍ ኳሷ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ምድር ለምድር ትሳባለች፤ እንግዶቹ ተራ በተራ ወጡ። አንዷ የመቺውን ጆሮ ታክካ ስታልፍ ሚስተር ክላይቭ ከቆመበት ምንጣፉን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

እረፍት ሲሆን ወደ እኔ መጣ። "ምንጣፉ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኩት።

"ተማም፣ እሺ" ብሎ ሊበላ ገባ።

ግማሹ ሰው ለጁምዓ ሶላት፣ ግማሹ ለምሳ ሲሄድ፣ የእንግዶቹ አምበል ምንጣፉ አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራ ጀመር። በእሱ ፊት መዶሻ ማንሳት አልቻልኩም። እስኪሄድ ብዬ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና መስገድ ጀመርኩ። አርባ አንድ ሰግጄ እመለሳለሁ አልኩ። ሠላሳ ላይ ይሁን ሠላሳ አራት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ልቤ ችንካሩ ጋ ነበር። በዚያ ቀን የጎደለ ስግደት ይዞ መነሳት አስፈራኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ሁለተኛውን ሳልጨርስ ጭብጨባ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ሚስተር ክላይቭ በሰሜኑ ጫፍ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ሁልጊዜ ሰባተኛ የሚገባ ሰው፣ የመጀመሪያው መቺ ታሞ ስለቀረ የዚያን ዕለት ቀድሞ ገብቷል። እንደ ልማዱ፣ የሰው ጎዶሎ ሊሞላ።

መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም።

ሦስተኛዋ ኳስ ከምንጣፉ ዘልላ ቀኝ እጁን ከዱላው ጋር አጣብቃ መታችው። ዱላው ወደቀ። ዳኛውና የእንግዶቹ አምበል ምንጣፉን ሊያዩ ሲመጡ፣ ሚስተር ክላይቭ ቀድሟቸው የተነሳውን ጠርዝ በጫማው ረግጦ ቆመ።

"ንፋስ አንስቶታል" አላቸው። "ሠራተኛው ይምታው።"

በግራ እጁ ጠራኝ። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ላልቶ ያገኘሁትን ሁሉ ቸነከርኩ። እሱ የተሰበረውን እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ እያንዳንዱን ምት ይመለከት ነበር። ጨርሼ ስነሳ ከሜዳው ወጣ።

ክለቡ አሸነፈ፤ ከዋንጫው ጋር ፎቶ ተነሱ። በፋሲካ ማግስት ሚስተር ራሜሽ የኢቃማዬን ጉዳይ አስጨርሶ ወረቀቱን ሰጠኝ። እጅ ነስቼ ተቀበልኩት።

የሚስተር ክላይቭ ሦስት ጣቶች ሁለት ወር ታስረው ቆዩ። ሲፈቱ ኳስ አልጨብጥ አሉ። ኳስ የማይጨብጥ ሁለገብ ለክለቡ ምን ያደርጋል? ውሉ አልታደሰም። በእነዚያ ሁለት ወራት ሁሉ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ኒሙ ሥር ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን በግራው ሲያነሳ ባየሁ ቁጥር የምናገረው አጣለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የእኔ ግን ነቀዘ።

ሲሄድ በጋሽ መኮንን ሚኒባስ እስከ አየር ማረፊያ ሸኘሁት። በሩ ላይ ስንደርስ ጨከንኩ።

"ሚስተር ክላይቭ፣ ያን ዕለት ችንካሩን እኔ..."

"ማሌሽ፣ ግድ የለም" አለኝ። ከዚያ "ስንት ነበሩ?" ሲል ጠየቀ።

"አራት።"

ራሱን ነቀነቀ። "ስትመታ ቆጥሬአለሁ። አምስት ነበሩ።"

"አምስተኛውን አልነካሁትም! በእግዚአብሔር!"

"አውቃለሁ" አለ። ሻንጣውን በግራ እጁ አንስቶ ገባ። ወደ ኋላ አልዞረም፤ እኔ ግን ጋሽ መኮንን "ኻላስ፣ በቃ እንሂድ እንጂ ልጄ" እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ምንጣፉን ወጥሬ እነዚያኑ አራት ችንካሮች አላላሁና እየተመላለስኩ ረገጥኩት። ብዙም ሳልሄድ ያልነካሁት አምስተኛው ራሱ ብቅ አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላም እዚያው ሜዳ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ችንካሮቹን ነቅዬ፣ ምንጣፉን ጠቅልዬ ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት፤ በገዳሪፍ በኩል አድርጌ በመተማ ስገባ ከክለቡ የያዝኩት መዶሻውን ብቻ ነበር።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምነግራችሁ ይህን ነው። አራት ችንካር ካላላችሁ አምስተኛው ሳትነኩት ይለቃል። ሰው ከመግባቱ በፊት ሁሉም በእጅ ይነካል። ባለሙያው "ደህና ነው" ስላለ አይታለፍም፤ ያለው እኔ ብሆንም።