ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው የሽፈራው ቬፕ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ገና መኪና እነዳ ነበር፤ ጉልበቴም ደረጃ አይፈራም ነበር፤ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ዋይትሆርን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። ቬፑን፣ በባትሪ የሚሠራውን የእንፋሎት ማጨሻ፣ ፈታታና ጠራረገ፤ አዲስ ኮይል ከተተ፤ የሚጨሰውን ፈሳሽ፣ ጁሱን፣ ሞልቶ ወዲያው ወደ አፉ ሊወስደው ሲል፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ጥጡ ይጠጣ፤ አለዚያ ያርርብሃል" አልኩት። በመገረም አየኝ።

እኔ በዕድሜዬ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። የሚያጨሰው አብሮ አደጌ ሽፈራው ነበር። ሚስቱ በሳንባ በሽታ ከሞተች በኋላ አንዲት ልጁ፣ "ቤቱ ሲጋራ ከሸተተኝ ልጆቼን አላመጣም" አለችው። እውነትም ቀረች። ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ። እሱ ሲጋራውን ትቶ በቬፕ ሊለውጥ፣ ያንንም ጓሮ ወጥቶ ሊስብ፣ እሷም እሁድ እሁድ ልጆቹን ልታመጣ ተስማሙ። "ዋሱ ማነው?" ስትል፣ "እኔ ነኝ" አልኩ።

ታዲያ የሽፈራው እጅ ይንቀጠቀጣል። እንኳን ቬፕ ሊፈታ ቁልፍ አይቆልፍም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ካስልሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤቱ እሄዳለሁ። እሱ መኮሮኒ በበርበሬ ይሠራል፤ እኔ ቬፑን እፈታለሁ። የጁሱን መያዣ፣ ታንኩን፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ እደፋለሁ፤ ከባትሪው ጋር የሚነካካውን በጆሮ ጥጥ እጠርጋለሁ። ጥጥ ያለባትን ትንሿን ብረት፣ ኮይሏን ግን ውሃ አላስነካም፤ ባረረች ቁጥር ኢንተርናሽናል አቬኑ ካለ ሱቅ አዲስ ገዝቼ እከታለሁ። ከዚያ ጁሱን ሞልተን አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን።

"ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልታጠበችም" ይለኛል።

"ዝም ብለህ መኮሮኒህን አማስል። ዋስህ ነኝ።"

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጠጠርና ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ለሌላ ሰው ሽማግሌ ሆኜ ኤድመንተን ተጠራሁ። ሽፈራው ሐሙስ ዕለት ደውሎ፣ "አርራለች፣ ጉሮሮዬን ላጠችው" ብሎኝ ነበር። "ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኩት። ቅዳሜ ግን የክብር ወንበር ላይ ተቀምጬ ክትፎ እበላ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ከኤድመንተን በቀጥታ ወደሱ ነዳሁ። ልጁ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጆቿ ከመኪናው አልወረዱም። ቤቱ ሲጋራ ይሸታል። ሽፈራው ሶፋው ላይ አቀርቅሯል።

"ጋሼ መኮንን፣ ቬፑን ዲስ ዊክ ክሊን አድርገውታል?" አለችኝ።

እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ሽፈራው አልነበረም። ስለ ሽማግሌነቴ ነበር። "አድርጌዋለሁ" አልኩ።

ሽፈራው ቀና ብሎ አየኝ። "ሐሙስ ደውዬለት ነበር" ማለት ይችል ነበር። "የኔ ጥፋት ነው። እሱን ተይው" አላት።

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። እኔም አጥቤ፣ አዲስ ኮይል ከትቼ፣ ሞልቼ ሰጠሁት። "ተወው መኮንን፣ ከእንግዲህ ለማን ብዬ?" አለ። በየሳምንቱ ለልጅቷ እውነቱን እነግራታለሁ እያልኩ፣ በየሳምንቱ ይበልጥ እየከበደኝ ሄደ። ቅጠሉ ሳይረግፍ የሽፈራው ልብ ቀጥ አለች። የልጅ ልጆቹን ዳግመኛ አላያቸውም።

ከአርባው በኋላ ልጁ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ታባርረኛለች ብዬ ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም።

"እኔም ኮል ላደርግለት እችል ነበር፣ ጋሼ" አለች። "ፎን አለኝ።"

ኮቴን ተቀብላ ሰቀለችው።

በቀጣዩ እሁድ ልጆቿን ይዛ እኔ ቤት መጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልቀረችም። ልጆቹ አሁን አድገዋል፤ ትልቁ ጢም ጀምሮታል። ሲስቁ የሽፈራውን ጥርስ አያለሁ፤ ያን ጊዜ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ እመልሳለሁ፤ እሁዶቹ የሱ ነበሩና። ይቅር ብዬዎታለሁ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሽፈራውን ካጣሁ በኋላ ደግፋ ያሻገረችኝ ግን ያቺው የበደልኳት ልጁ ናት፤ ሰናይት ሽፈራው።