የእህቴ እጮኛ ፈረስ

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትዝ ያለኝ ባለፈው ሰሞን ነው፤ አሰላ ሆዴን በአልትራሳውንድ የምታይልኝ ልጅ፣ «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ስፌት የምንድነው?» አለችኝ። «ፈረስ ረግጦኝ» አልኳት። መልሱ እንዲህ ቀላል ነበር። ያኔ ግን ይህችን የሚናገርልኝ አጥቼ ልሞት ነበር።

ጥቅምት ነው። ገብሱ እሸት ይዟል፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። የታላቅ እህቴ የአስካለ ሰርግ ተቃርቧል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ጠጉሬን የምትሠራኝ፣ ከራሷ ቀንሳ የምታጎርሰኝ እሷ ነበረች። እጮኛዋ ተፈራ የዳማ ፈረሱን ኮርቻ በቀይ ክር አሸብርቆ ይመጣል፤ እኛ አገር ፈረሱ ያላማረለት ወንድ ሙሽራ ነኝ ብሎ አይወጣም።

አንድ ቀን ተፈራ እኛ ቤት መጥቶ ሳለ፣ እሸት ታቅፌ ከፈረሱ ኋላ ሳልፍ ደንብሮ ሆዴን ረገጠኝ። ትንፋሼ ጠፋ፤ ደም ግን ጠብ አላለም። ያዩት አስካለና ተፈራ ብቻ ናቸው። አባታችን ዴራ ገበያ ወርዶ ነበር።

በሰፈራችን የሙሽራው ወገን በሙሽሪት ቤት ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ፣ ያደረሰው እንስሳው እንኳ ቢሆን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ እርቅ ሳይወርድ ሰርግ አይታሰብም። እርቁ ደግሞ ዓመት የሚፈጅበት ጊዜ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሆዴ ሲወጠር አስካለ በጋሪ አሰላ፣ ሆስፒታል ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ላቤን ስትጠርግልኝ፣ እናትም እንዲህ አትሆን እል ነበር። ሐኪሙ ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነው። ወድቄ እንደሆነ፣ የመታኝ ነገር እንዳለ ጠየቀ።

አስካለ ቀደመችኝ። «ኧረ ምንም አልመታትም፤ እሸት አብዝታ በልታ ነው።»

ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት ሊያዝልኝ ዞር ሲል እጇን ያዝኩ። «እትዬ፣ እየሞትኩ ነው።»

ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች። «ደም እኮ አልወጣሽም፣ እህት ዓለም። ትንሽ ቻይልኝ።»

ፊቷን አየሁት፤ እያለቀሰች ነበር። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የጠላችኝ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ዓይኔ ሊጨልም ሲል እንደምንም ብዬ፣ «ፈረስ ነው» አልኩ። ሐኪሙ ቀሚሴን ገልጦ የሰኮናውን ምልክት አየ፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሩጫ ብቻ ነው። ለካ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ኖሯል። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር ሆዴ ውስጥ ተቀዶ፣ የረጋው ደም ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ነው ያቆየኝ። ትንሽ ብትቆዪ አትገኚም ነበር አለኝ ሐኪሙ ስነቃ።

አስካለ ዛሬም በየበዓሉ የገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሳ ጩኮ ይዛልኝ ትመጣለች። ለልጆቼ፣ እናታችሁን በጋሪ ወስጄ ያተረፍኳት እኔ ነኝ ትላቸዋለች። መውሰዱንስ ወስዳኛለች። እኔ ጩኮዬን እበላለሁ፤ ጣፋጭ አድርጋ ነው የምትሠራው።

ያኔ እኔ ከአልጋ ቀና ሳልል፣ የረገጣት የመንገደኛ ፈረስ ነው ብላ ለአባታችን ነገረችው። ሰርጉ በቀኑ ተደገሰ። ተፈራ ሊወስዳት የመጣው በዚያው በዳማው ነበር። አስካለ ወጣችበትና ሄደች።