አባቴ ጎማ ሲያጠቁር

አባቴ አንድም ቀን «ልጄን አልድርም» ብሎ አያውቅም። እንዲያ ቢል ኖሮ ሽማግሌዎቹ መልስ አያጡም ነበር። እሱ ያለው ሌላ ነው። «ልጄን በሰው መኪና አልሸኝም፤ ከቤቴ የምትወጣው በራሴ መኪና ነው። መኪናዋ ትድረስ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ሽማግሌዎቹም «ይሁን፣ ደግ ብለሃል» ብለው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

መኪናዋ አሮጌ ነጭ ዲኤክስ ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና የእርዳታ እህል ከወልዲያ ወደ ላስታ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ገዛት። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ የሚታየው መኪና አብዛኛው የሆቴልና የአስጎብኚ ነው፤ ፈረንጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣል፣ ይመልሳል። የኛዋ ግን ፈረንጅም አበሻም አታመላልስም። እኔ የማውቃት ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ፣ ሆዷ ተከፍቶ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ለጎረቤት «ሰውዬው ጣውንት ግቢዬ ውስጥ አስገባብኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ እቤት የቀረነው ሁለታችን ነን። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ገብተው በዚያው ቀሩ። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ አባቴ እጁን በነዳጅ ታጥቦ፣ ደግሞ በሳሙና ታጥቦ ይጠብቀኛል፤ እራት እንበላለን፤ ብዙም አናወራም። እሱ ስለ ካምቢዮ ያስባል፣ እኔ ስለማገባው ሰው። ያጨኝ የፍላቂት ከተማ ልጅ ነው፤ ገብስ ነጋዴ፣ ለሆቴላችን ድንች ሲያቀርብ የተዋወቅነው። ጨዋ ነው፤ ታጋሽነቱ ግን አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።

ምክንያቱም መኪናዋ አትደርስም። መጀመሪያ ካምቢዮዋ ወረደ፤ ያንን ጥር እሱ በላው። ቀጥሎ ቀለም ያስፈልጋታል ተብሎ ደሴ ድረስ ተወሰደች፤ ፋሲካም አለፈ። ከዚያ ወንበሮቿ። ወንበሮቿ ሲያልቁ ደግሞ መብራቷ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር አባቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላቸዋል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«አባዬ፣ በቃ አልፈልግም በላቸውና ይውጣልህ!»

«ማን አልፈልግም አለ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ነገር አታብጂ። ያንን መፍቻ አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። ምን ላድርግ?

በመጨረሻ ግን መኪና ሁሉ ተሠርቶ ያልቃል። የንስሐ አባቱ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡና እጀ ጠባባቸውን ሰብሰብ አድርገው መኪናዋን ዞሯት። አስነሣት አሉት፤ ተነሣች። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። «እንግዲህ ምን ቀራት?» አሉ። አባቴ እሱም በተራው ዞራት። ሲዞር ሁላችንም እናየዋለን፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመስላል። አጎንብሶ ቆየና «ጎማዋ አመድ መስሏል» አለ።

ውሸት አልነበረም። በኛ አገር አቧራና ፀሐይ የጎማ ጥቁረት አይበረክትም፤ ወር ሳይሞላው ይነጣል።

«ሙሽራ በአመዳም ጎማ ትሂድ ነው የምትሉኝ፣ አባ?»

«ልጄ፣ ሙሽራዋ እኮ ጎማው ላይ አትቀመጥም» አሉት ቄሱ።

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቄሱም ሳቁን ሳያስጨርሱ ቀን ቆረጡ፤ ጎማው ነጭም ይሁን ጥቁር በመጪው ጥር ሠርጉ ይሆናል አሉ፣ ገዘቱም። የንስሐ አባት ከገዘተ በኋላ ወዲያ ወዲህ የለም። ለአባቴ የቀረችው ጎማዋ ብቻ ነበረች።

ድሮ ሹፌሮች ጎማ ሲያሳምሩ የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ይለቀልቁበታል። አባቴ ይህን ይጸየፋል፤ «ዘይት ጎማ ይበላል፣ አቧራም ይጠራል» ይላል። አንድ ጎረቤታችን የሆነ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አዲስ ነገር አመጣለት። እንደ ፍሊት ራሱን ተጭነው የሚረጩት ጣሳ ነው። አስጎብኚው አሠራሩን አሳየው፤ ጎማው መጀመሪያ በኦሞ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ጎን ጎኑን መርጨት፣ በስፖንጅ ማዳረስ። «መሬት የሚረግጠውን ግን እንዳይነካ፣ ያንሸራትታል» አለው።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለ አባቴ። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ከፋው።

የዚያ ጣሳ ነገር ጉድ ነው። አባቴ ጎማዎቹን ያጥባል፣ ይረጫል፣ ያዳርሳል፤ ከዚያ በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። በእርግጥም ያምራሉ፤ አዲስ ጫማ ይመስላሉ። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል፣ አቧራው ይመጣል፣ በማግስቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል። መለዋወጫ ጎማውን እንኳን አልማረውም። ማን ሊያየው? እኔ ልብሴን ሳሰፋ፣ ሴቶቹ ብቅል ሲያበቅሉና ጌሾ ሲወቅጡ፣ የግቢው ወንዶች ዳስ ሲጥሉ፣ እሱ ጎማ ያጠቁራል። ሠርጉን የሚመለከት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህ ደግሞ ሆዴን በላው። ወዶ ይስጠኝ ነበር የምፈልገው፤ በግዝት፣ ምክንያት አልቆበት እንዲሰጠኝ አልፈለግሁም።

ቤታችን የቁልቁለት መጨረሻ ላይ ነው። ከበራችን እስከ ላይኛው መንገድ ያለው አቀበት፣ የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው ኮብልስቶን ካነጠፉበት ብዙም አልቆየም ነበር። በኛ ዘንድ የሙሽራ አባት ልጁን ከበሩ አልፎ አይሸኝም፤ እዚያው ቆሞ ዓይኑ እስከሚደርስ ያያታል። የሙሽራ መኪና ደግሞ አንዴ ከበር ከወጣች ወደኋላ አትልም። ወደኋላ ካለች ሙሽራዋም አንድ ቀን ጓዟን ይዛ ትመለሳለች ይባላል። ሰው ይስቅበታል እንጂ አይደፍረውም።

እንግዲህ በዚያ አቀበት ሥር የቆመ ሰው ከምትወጣ መኪና ምን ያያል? ፊቷን አያይ፣ ጎኗን አያይ። የሚያየው ኋላዋን ነው፤ ከጎማዋም መሬት የሚረግጠውን። አባቴ ይህን አስቦበታል። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ሳለ፣ እኔ እየተኳኳልኩ በመስኮት አየሁት፤ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ ይረጫል። እንደ ልማዱ ጎን ጎኑን መሰለኝ። ለካ መሬት የሚረግጠውን ነው። «ከበሩ ሆኜ የማየው እሱን ብቻ ነው። አምሮ እንዲሄድልኝ ፈለግሁ፤ ሁለት ዙር ሲዞር ይለቃል ብዬ» ብሎ በኋላ ለአጎቴ ነግሮታል። ሌላ ሹፌር ቢያደርገው እሱ ራሱ በአለንጋ የሚገርፈው ነገር ነው።

የመውጫችን ሰዓት ደረሰ። ጉልበቱን ሳምኩ። «ውለጂ፣ ክበጂ» አለኝ፣ ተማሪ የቃል ጥናት እንደሚያሰማ፣ ቶሎ ቶሎ። ዓይኑን ስፈልግ ወደ መኪናዋ ያያል። የባሌ ወገኖች ያለበሱትን አዲስ ኩታ ደርቧል። እኔና ባሌ ከኋላ ተቀመጥን፣ አንድ ሚዜ ከፊት፤ አባት ስለማይነዳ መሪውን የያዘው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። ሴቶቹ አቧራው እንዳይነሣ ብለው ኮብልስቶኑ ላይ ውሃ አርከፍክፈዋል፣ በላዩ ቄጤማ ጎዝጉዘዋል። እልልታው ቀለጠ፤ ወጣን።

ከአቀበቱ እኩሌታ ሳንደርስ የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን መዞር ጀመሩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ቆማለች። ቀጥሎ ቀስ ብላ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ያዝ እንጂ!» አለ ሚዜው።

«ይዣለሁ! ፍሬን ይዣለሁ፣ አልቆም አለች!» አለ አጎቴ።

እልልታው ተቋረጠ። አንዷ ሴት «በስመ አብ!» አለች። ከባሌ ወገን አንድ ሽማግሌ ከላይኛው መንገድ ወርዶ የኋላ ጎማውን በጣቱ ነካና ጣቱን ለሰው አሳየ። «ቀብቶታል! ሰውዬው ልጁን ሊያስቀር ሆን ብሎ ቀብቶታል!» አለ። ባሌ እጄን ያዘኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ አመንኩት። አባቴ ምን ያህል ምክንያት መፍጠር እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተናደድኩ። መኪናዋ ወደ በሩ እየቀረበች ነው። በሩ ላይ አባቴ ቆሟል፤ ሁሉም እሱን ያያል።

«ታኮ!» ሲል ሰማሁት። «ድንጋይ ከጎማው ሥር! ታኮ ጣሉ!»

የሚጥልለት ሲጠፋ ራሱ በሩን ተሻግሮ መጣ። «ኧረ አይሆንም! አንተ አትወጣም!» አሉት። አልሰማም። የግንብ ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ሥር ሸጎጠ፤ መኪናዋ ቆመች። ከዚያ ተንበርክኮ ጎማውን ዳበሰ። ኩታውን ከትከሻው ገፈፈ፤ በአንዱ ጫፍ ያንን ቅባት ከጎማዎቹ ላይ ወለወለ፣ ፈግፍጎ ወለወለ። ድሮ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ በጆንያ እንደሚያደርገው ኩታውን ለሁለት ቀዶ ከሁለቱም ጎማዎች ፊት አነጠፈ። የአማቾቹ ስጦታ ነው።

«ቀስ ብለህ ልቀቅ!» አለው አጎቴን፣ ትከሻውንም ከመኪናዋ ኋላ አሳረፈ። ያኔ ነው ሌሎቹ ተሯሩጠው ያገዙት። እኔ ዞሬ በኋላው መስታወት አየሁት። ፊቱ መስታወቱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ጥርሱን ነክሷል። እየገፋኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀረኝ ሰው፣ ሽማግሌ ያመላለሰ ሰው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ከደጁ እየገፋ ያስወጣኛል። ሆን ብሎ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ ንዴቴ ሁሉ ከምን እንደገባ አላውቅም። አለቀስኩ። ኩሌ ፈሰሰ፣ ግድ አልሰጠኝም።

ጎማዎቹ ጨርቁን ነከሱና መኪናዋ ድንገት ተወርውራ ወጣች። የሚገፉት ሁሉ ተንገዳገዱ፤ አባቴ ግን በሙሉ ክብደቱ ተደግፎ ስለነበር በግንባሩ ተደፋ። ሲወድቅ አየሁት። ኮብልስቶኑ ላይ በእጁና በጉልበቱ ቀርቷል፤ ራሱን ቀና አላደረገም።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ወደቀ! አቁም!»

የአጎቴ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ፤ መኪናዋ ዝግ አለች። አባቴ እዚያው እንደተንበረከከ አንገቱን አቀና። ግንባሩ ደምቷል። በሕይወቴ ሙሉ ድምፁን እንዲያ ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም።

«እንዳታቆም!» አለ። «ሂድ! ውሰዳት! እንዳታቆም!»

አጎቴም አላቆመም።